ሶፍትዌር ለምትሰሩ ልጆች፣ ጀማሪውን አስቡልኝ

ልጆች፣ ብዙ ዘመኔን የንብረትና የሂሳብ ሲስተም ስሰራና ሰው ሳሰለጥን ነው የኖርኩት፣ እና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሶፍትዌር ሰውን የሚከብደው ሰው ሰነፍ ስለሆነ ወይ ስላልተማረ አይደለም፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ያለንን ሁሉ ስለምንዘረግፍበት ነው።

እስቲ የመንግስት መስሪያ ቤት የንብረት ሰራተኛዋን አስቧት። እቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለውን የእቃ መቀበያ ደረሰኝ ስትቆርጥ ስንት ዘመኗ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሞላው። እናንተ በሰራችሁት ስክሪን ላይ ግን ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ያለው መጨረሻ ሄዷል፣ እሷን የማይመለከታት ባዶ ሳጥን ሁሉ ያፈጥባታል፣ ጳጉሜ 3 ብላ ቀን ስታስገባ ደግሞ ቀይ ጽሁፍ በእንግሊዝኛ ብቅ ይላል፣ ምኑን እንደተሳሳተች ግን አይነግራትም። ከዛ "እኔ ኮምፒውተር አይሆንልኝም" ብላ ትነሳለች። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ስራውን እኮ ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ተመራማሪዎቹ ጆን ካሮልና ካሮላይን ካሪተርስ በአንድ የጽሁፍ ማቀናበሪያ ላይ የሰሩትን ጥናት አወጡ። ጀማሪ የማያስፈልገውን ትእዛዝ ሜኑው ላይ እንዳለ ተዉትና እንዳይሰራ ብቻ ዘጉት፣ ሲነካው "ለጊዜው አይሰራም" ይለዋል እንጂ የማያውቀው ቦታ ወስዶ አይጥለውም። በዚህ የተማሩት፣ ሙሉው ከተሰጣቸው ቀድመው ስራ ጀመሩ፣ ስህተት ሲያርሙ የሚያጠፉት ጊዜም ቀነሰ። ከሶፍትዌሩ አንድም ነገር አልተቀነሰም እኮ!

ስለዚህ ትሬኒንግ ስትሰጡ ማውሱን አትቀሟቸው፣ እጃችሁን ሰብስባችሁ የት ጋ እንደቆሙ እዩ። ሞኒተሩ ጎን የተለጠፈች ወረቀት ካለችም አንብቧት፣ "መጀመሪያ ይሄን፣ ከዛ ሁለቴ እንተር፣ አረንጓዴዋን እንዳትነኪ" የምትለዋን። እያንዳንዷ መስመር እናንተ መስራት ሲገባችሁ ለሰውየው የተዋችሁለት ስራ ናት፣ የሚቀጥለውን ቨርዥን ከሷ ጀምሩ።

ደግሞ የውሸት ዳታ ያለበት መለማመጃ ኮፒ ስጧቸው፣ ከዋናው ጋር እንዳይምታታ ቀለሙን ለዩት፣ እዛ ላይ እንደፈለጉ ያጥፉ ያበላሹ። ያቺ ሰራተኛ ዋናውን ለመንካት ብትፈራ አይፈረድባትም፣ በስሟ ያለ እቃ ጎደለ ከተባለ ተጠያቂዋ እሷ ናት።