ስትሮፕዋፈል ሲሰነጠቅ ለምን ይፈረካከሳል?

እህቴ፣ ከሆላንድ የመጣልሽን ስትሮፕዋፈል፣ ያን መሃሉ ሽሮፕ የተቀባ ስስ ክብ ዋፈል፣ ወደሽው አዲስ አበባ ቤትሽ ሁለቴ ሞክረሽ እንዳበላሸሽው አነበብኩ። ስትሰነጥቂው ተፈረካከሰ፤ መሃሉ ያለው ስኳርም ሲቀዘቅዝ አሸዋ አሸዋ አለ። አይዞሽ፣ እኔም እንዲያው ነበርኩ። ሮተርዳም ጎረቤቴ የነበሩ አሮጊት ናቸው ያስተማሩኝ።

ሊጥሽ ምንም አልሆነም፤ የዘገየሽው አንቺ ነሽ። ዋፈሉ ከሚጋገርበት ብረት ሲወጣ ልስልስ ያለ ነው። ትንሽ ከቆየ ብስኩት ሆነ ማለት ነው፤ ያኔ ቢላዋ ብታስገቢ ይንኮታኮታል። እንደወጣ ዳር ዳሩን በክብ ነገር ቁረጪው። ዳሩ ቀጭንና ደረቅ ስለሆነ ቢላዋ አያስገባም። ከዚያ በመዳፍሽ ከላይ ያዝ አድርገሽ፣ ቀጭን ቢላዋ በጎን አስገብተሽ ለሁለት ክፈይው። ፎጣ ያዢ፤ እኔ ጣቴን እየተለበለብኩ ነው የለመድኩት። ሁለት ሰው ብትሆኑ ደግሞ አንዱ ይጋግራል፣ አንዱ ይሰነጥቃል።

ቁርጥራጩን እንዳትጥዪው። ሆላንድ ገበያ ላይ በከረጢት ይሸጣል። ነገሩ ራሱ የተጀመረው፣ በቺዟ በምትታወቀው ጎውዳ ከተማ፣ ከ200 ዓመት በፊት ገደማ፣ ጋጋሪዎች የተረፋቸውን ፍርፋሪ በሽሮፕ አጣፍጠው ነው ይባላል። የድሃ ምግብ ነበር።

ለሊጡ 250 ግራም ዱቄት፣ 125 ግራም ቅቤ፣ 75 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ ትንሽ እርሾና ሩብ ሲኒ ለብ ያለ ወተት። ጠጠር ካለ ወተቱን ጨመር አድርጊ። አንድ ሰዓት ይረፍ፤ ከዚያ 40 ግራም 40 ግራም አድቦልቡዪው። ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን! አንዴ እናቴ የላከችልኝን ንጥር ቅቤ ብጨምርበት ቤቱ ክትፎ ክትፎ ሸተተ።

ስኳሩ አሸዋ ያለብሽ ብቻውን ስላፈላሽው ነው። ሆላንዶቹ ከሹገር ቢት (ስኳር ከሚመረትበት የቀይ ሥር ዘመድ) የሚወጣ ጥቁር ሽሮፕ ይጨምሩበታል፤ እሱ ነው ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋ የሚያደርገው። አንቺ ጋ ማር ይተካዋል። 150 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 150 ግራም ማር፣ 100 ግራም ቅቤና አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ በቀስታ አፍዪው። ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጊ፤ በጣትሽ ለስላሳ ኳስ ከሆነልሽ አውርጂ። ከዚያ ካለፈ ከረሜላ ሆኖ ጥርስ ይነቅላል። ስትቀቢው ለብ ያለ ይሁን።

የምትጋግሪበት ብረት ወፍራም የቤልጂግ ዋፍል ማሽን ከሆነ አትልፊ። የአይስክሬም ኮን የሚጋገርበት ጠፍጣፋው ይሻላል።

የሆላንዶቹን ወግ ካልሽ፣ ዋፈሉን ትኩስ መጠጥ ያለበት ኩባያ አፍ ላይ ከድነሽ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ፤ እንፋሎቱ መሃሉን ያለሰልሰዋል። በቡና ሲኒ ግን አይሆንም፤ አፉ ጠባብ ነው፣ መሃሉ ብቻ ርሶ ይቀደዳል። ትልቁን የሻይ ኩባያ አውጪ።