«ቁስሉ የሠራዊቱ ነው፤ ፈቃድ ከዚያ አምጣ»

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጅማ የምኖር የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በ1992 ዛላምበሳ ግንባር ፈንጂ ረግጬ ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች አጣሁ። በቦርድ ከተሰናበትኩ በኋላ ተማርኩ፤ አሁን ሒሳብ አስተምራለሁ። የኛን ከተማ ዝናብ ያውቁታል። ሲበረታ ሰው ሠራሹ እግር የሚያርፍበት ቦታ ይላላጥና ይቆስላል። ያኔ እግሩን ማጥለቅ አልችልም፤ ቁስሉን አሳጥቤ ቤት እቀመጣለሁ።

ከመስከረም ወዲህ ዘጠኝ ቀን ቀርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጠዋት ደውዬ አሳውቄ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ነርሷ ቁስሉን አጥባ ሸኘችኝ፣ ወረቀት አልጠየቅኩም። ለሰባቱ ቀን የሐኪም ወረቀት አለኝ። ከነዚህ ውስጥ አራቱ ጥቅምት ላይ ወደ ፎቅ ክፍል ስወጣ ደረጃው አዳልጦኝ የቀረሁባቸው ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ግን «ቁስሉ የሠራዊቱ ነው፤ ፈቃድ ከፈለግክ ከመከላከያ አምጣ» አሉኝ። የዘጠኙም ቀን ደመወዝ ተቆረጠ። ካሊፎርኒያ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሠራ የእህቴ ልጅ፣ እዚያ ለቆሰለ ወታደር የተለየ የሕክምና ፈቃድ አለ ይለኛል። እኛ ዘንድስ?

ስሜ ይቆይ፣ ከጅማ

መልስ

መምህር፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ። «ለጦር ጉዳተኛ» ተብሎ ለብቻው የተጻፈ ፈቃድ በሠራተኛ ሕጋችን የለም። ግን አያስፈልግዎትም። ያለው የሕመም ፈቃድ ይበቃዎታል፣ ይተርፍዎታልም።

ሃያ አራት ዓመት ፐርሶኔል ሠርቻለሁ። የሕመም ፈቃድ ቅጽ ላይ «ሕመሙ የት ያዘህ?» የሚል ጥያቄ አይቼ አላውቅም። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 515/1999 የነበረው፣ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010ም የቀጠለው ደንብ ይህ ነው፦ ቋሚ ሠራተኛ ሲታመም በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 8 ወር፣ ወይም በአራት ዓመት ውስጥ እስከ 12 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው 3 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ቀጣዩ 3 ወር በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው 2 ወር ያለ ደመወዝ። ቀኖቹ በተከታታይ ቢወሰዱም፣ አንድ ሁለት እየተባሉ ቢወሰዱም ይደመራሉ። የእርስዎ ዘጠኝ ቀን ገና ከመጀመሪያው ሦስት ወር ደጃፍ አልራቀም። ከምኑ ላይ ነው የሚቆረጠው?

እርስዎ የክልል ሠራተኛ ስለሆኑ የሚዳኙት በኦሮሚያ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። የፌዴራሉም በ2017 በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ስለዚህ የሰው ሀብት ክፍሉን «የሕመም ፈቃድ አንቀጹን አሳዩኝ» ይበሏቸው፣ በትህትና። ደመወዝ የቆረጠ ሰው የቆረጠበትን አንቀጽ ማሳየት አለበት።

ስለ ወረቀቱ። የሐኪም ማስረጃ ግዴታ የሚሆነው ሦስት ቀን በተከታታይ ሲቀሩ፣ ወይም በበጀት ዓመቱ ውስጥ በድምሩ ከስድስት ቀን በላይ ሲቀሩ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ይጀምራል። የመስከረሞቹ ሁለት ቀናት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ስድስት አልሞሉም ነበር። ደውለው አሳውቀዋል። ያም ሆኖ ጤና ጣቢያው ካርድዎ ላይ የታከሙበት ቀን ተጽፎ ይገኛል፤ ሄደው ማስረጃ ያጽፉበት። ከዚህ በኋላ ነርሷ ቁስልዎን ባጠበች ቁጥር ሲክ ሊቭ ሳይዙ አይውጡ።

አሁን በአንድ መስመር ወዳለፉት ነገር ልምጣ። ጥቅምት ላይ ደረጃው አዳለጠኝ ብለዋል። መምህር፣ ያ የዛላምበሳ ቁስል አይደለም! ሊያስተምሩ ሲወጡ፣ በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ የደረሰ ነው። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ይባላል። ፈቃዱም ሌላ ነው፦ እስኪድኑ ድረስ ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ የሕክምናው ወጪም በመሥሪያ ቤቱ። አራቱ ቀን ከሕመም ፈቃድዎ ላይ እንኳ መቀነስ የለበትም። ሲወድቁ ያየ መምህር ወይም ዘበኛ ካለ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሶ እንዲጽፍልዎ ዛሬውኑ ይጠይቁት። የሐኪሙ ወረቀት ላይ «ወድቆ» የሚል ቃል ካለማ በጣም ጥሩ።

ማመልከቻ ሲጽፉ ሁለቱን አይቀላቅሉ። አምስቱ ቀን በሕመም ፈቃድ፣ አራቱ በሥራ ላይ ጉዳት። በሁለት የተለያየ ወረቀት ይጻፉ። መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉና ቁጥሩን በእርስዎ ግልባጭ ላይ ያስጽፉ። መልስ ከጠፋ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ከዚያም በላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለ።

ሦስተኛ ወረቀትም ይጨምሩ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ቦታውን ምቹ እንዲያደርግ ያዛል። ስለዚህ ክፍለ ጊዜዎችዎ በሙሉ ምድር ቤት ይሁኑልኝ ብለው ይጠይቁ። ፎቅ የሚወጡት ተማሪዎቹ ይሁኑ፤ እግራቸው ጤነኛ ነው። ይህ ትምህርት ቤቱን አንዲት ሳንቲም አያስወጣውም። የክፍል ድልድሉን መቀየር ብቻ ነው።

የእህትዎ ልጅ የነገረዎት እውነት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ፣ በውትድርና የደረሰበት ጉዳት 30 በመቶና ከዚያ በላይ የተባለ ሰው በፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲቀጠር በመጀመሪያው ዓመት እስከ 104 ሰዓት የሚከፈልበት የሕክምና ፈቃድ ያገኛል። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለሚቀጠሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኞች ተመሳሳይ ነገር ፈቅዳለች። ምክንያቱ አለው። እዚያ የሕመም ፈቃድ እየሠሩ የሚያጠራቅሙት ነው፤ የፌዴራል ሠራተኛ በሁለት ሳምንት አራት ሰዓት ያጠራቅማል። አዲስ ገቢ ባዶ እጁን ነው። የቆሰለ ሰው ደግሞ የሐኪም ቀጠሮው ተጠራቅሞ እስኪሞላ አይጠብቀውም። 104 ሰዓት ልክ የአንድ ዓመት ጥርቅም ነው፤ ቀድሞ ተሰጠው ማለት ነው። የእኛ ቋሚ ሠራተኛ ፈቃድ ግን ማጠራቀም አይጠይቅም።

ያም ሆኖ በእኛም ሕግ ውስጥ አንድ መስመር ቢጻፍ ደስ ይለኛል። እርስዎን የመሰለ ሰው ርዕሰ መምህር በተቀየረ ቁጥር ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ማሳየት የለበትም።

ይህን የምለው በእኔም እጅ ስለደረሰ ነው። የዛሬ ብዙ ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ በዘበኝነት የሚሠራ፣ ወገቡ ላይ ፍንጣሪ የቀረበት ሰው ነበር። አሥራ አንድ ቀን «ቀሪ» ተብሎ ስሙ ተላከልኝ። ፔሮሉ መውጫ ቀን ነበርና ቆርጬ ማኅተም መታሁ። በወሩ መጨረሻ መስኮቴ ጋ መጣ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ የሐኪም ወረቀቱን አወጣ። በአራት ታጥፎ፣ በላብ ርሶ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። «ለምን ቀድመህ አላመጣህም?» አልኩት። «ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። ገንዘቡ በሚቀጥለው ወር ተመለሰለት፤ ያን ወር ግን ልጆቹን በብድር ነው ያበላው።

እርስዎ ሳይጠየቁ ይስጡ። ማመልከቻዎቹን ከመጪው ፔሮል በፊት ያስገቡና የተሰጠዎትን መልስ ይጻፉልኝ። እምቢ ካሉ የቅሬታውን ደብዳቤ አብረን እናረቃለን።