መርከቤ እየተጣመመብኝ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያዬን የእንጨት ሞዴል መርከብ እየሠራሁ ነው። ርዝመቱ 60 ሳንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። አከርካሪውን (መሃል ለመሃል በርዝመቱ የሚሄደውን እንጨት) እና በእሱ ላይ የሚቆሙትን ጎድኖች አጣብቄ ጣውላ ማልበስ ጀምሬያለሁ። ችግሩ፣ የሚይዝልኝ ነገር የለም። በጉልበቶቼ መሃል አድርጌ ስሠራ አንዱ ጎድን ተሰበረብኝ። በቀኝ በኩል 5 ጣውላ ለጥፌ ሳየው ደግሞ አከርካሪው ወደ ጎን የጎበጠ መሰለኝ። ለሞዴል ተብሎ የሚሸጠውን ሞርሳ ልግዛ? ወይስ ሌላ ዘዴ ይኖራል?
የመርከብ ጀማሪ

መልስ፦ ልጄ፣ ሞርሳው ትንሽ ይቆየን። እኔን ያሳሰበኝ «በቀኝ በኩል 5 ጣውላ» ያልሽው ነው። ጎድኖቹ ላይ የታጠፈ ጣውላ ሁሉ ተመልሶ ቀጥ ለማለት ይታገላል። በሌላው ጎን የሚመክተው ከሌለ ቀጭኑን አከርካሪ ይዞት ይሄዳል። ሞርሳ ብትገዢም ይህን አያድንልሽም።

መጀመሪያ ከአፍንጫው እስከ ኋላው፣ በአከርካሪው ርዝመት ክር ወጥረሽ እዪ። ጉብጠቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ከሆነ ግራውን ስታለብሺው ይመለሳል። ከዚያ ከበለጠ ግን ጣውላዎቹን አንሺያቸው። እንደሚያንገበግብሽ አውቃለሁ፤ ግን አሁን ይሻላል። ነጩ የእንጨት ኮላ አልኮል ሲነካው ይለሰልሳል፤ በስስ ቢላ ቀስ እያልሽ ታላቅቂዋለሽ። ፈጣኑን ኮላ ከተጠቀምሽ የሚፈታው አሴቶን ነው። መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አጠገብ አትሥሪ።

ቀጥሎ አጥንቱን ራሱን አጠንክሪው። ብዙ ሰው መያዣ ፍለጋ ሲሮጥ ይህን ይዘለዋል። በጎድኖቹ መሃል ባለው ክፍተት ልክ ቀላል እንጨት እየቆረጥሽ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ለጥፊ። ባልሳ ካገኘሽ በቢላ ይቆረጥልሻል። ሁሉንም ክፍተት መሙላት የለብሽም፤ አፍንጫውና ኋላው ላይ ግን አትሰስቺ። ጣውላው በኃይል የሚታጠፈው እዚያ ነው፤ ኮላ የሚቀባበት ቦታም ይሰፋልሻል። የተሰበረው ጎድንም ተጣብቆ በዚህ እንጨት ሲደገፍ ከበፊቱ ይጠነክራል።

ወደ መያዣው እንምጣ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያገለግል አንድ መያዣ የለም። ከላይኛው ወለል ጀምረሽ ወደ ታች ስትወርጂ መርከቡ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወደ አከርካሪው ስትጠጊ ደግሞ ተገልብጦ መተኛት ይፈልጋል። የሚሸጠው ሞርሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው አከርካሪውን ነው። የመጨረሻዎቹ ጣውላዎች ጋ ስትደርሺ ራሱ መንገድ ይዘጋብሻል።

ለመጀመሪያው ደረጃ ከመርከቡ ትንሽ የሚረዝም፣ ያልተጣመመ ኮምፔንሳቶ ፈልጊ። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል። መሃሉን በእርሳስ አስምሪ። በመስመሩ ግራና ቀኝ ትንንሽ የኤል ቅርጽ ብረቶችን ፊት ለፊት አድርገሽ በ3 ቦታ እሰሪ። በመሃላቸው አከርካሪው ጥብቅ ብሎ ይግባ፣ ግን በእጅ ይውጣ። ብረቱ እንጨቱን እንዳያቆስል ስስ ቆዳ ለጥፊበት። እንዲህ ሲታሰር አከርካሪው መስመሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ለመድረቅ ይገደዳል። ኮምፔንሳቶውን ጠረጴዛው ላይ አትቸንክሪው፤ እያዞርሽ መሥራት ትፈልጊያለሽ። ከዚያ አንድ ጣውላ በቀኝ፣ አቻው ወዲያው በግራ። ኮላው በደንብ ሳይደርቅ ከማሰሪያው አታውጪው።

የመርከብሽ ሆድ ገና ክፍት ስለሆነ ደግሞ እኔ ከሁሉም የምወደውን ዘዴ ልንገርሽ። መርከቡ ሲያልቅ በሁለት እግር ላይ ይቆም የለ? የእነዚያን እግሮች ቀዳዳ አሁኑኑ ብሺ። 5 ሚሊሜትር የሆነ አከርካሪ ብቻውን ብሎን አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ግራና ቀኙ ላይ ጠንካራ እንጨት ለጥፊና ለ3 ሚሊሜትር ብሎን የሚሆን ቀዳዳ ከታች ወደ ላይ ብሺ። ዳዶውን ከውስጥ አስቀምጪና ዙሪያውን በኢፖክሲ፣ ሁለቱ ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ኮላ፣ ያዢው። ኮላው የዳዶው ጥርስ ውስጥ እንዳይገባብሽ ብሎኑን ዘይት ቀብተሽ እንደገባ ይድረቅ።

በእነዚህ ብሎኖች ከታች አንድ ወፍራም እንጨት እሰሪ። በእንጨቱና በአከርካሪው መካከል የቱቦ ቁራጭ አስገቢ፤ ጣትሽን የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር። እንጨቱን ተራ የጠረጴዛ ሞርሳ ላይ ካሰርሽው መርከቡን ወደፈለግሽው ጎን ታጋድያለሽ፤ አከርካሪው አጠገብ ያለውንም ጣውላ ሳትቸገሪ ትለጥፊያለሽ። በኋላ እዚያው ቀዳዳ ላይ የማሳያው እግር ይታሰራል።

ብሎኑን ካልፈለግሽው፣ ተገልብጦ ለሚሠራው ክፍል አሸዋ የሞላ ከረጢት ግሩም ነው። ጨርቁ ድርብ ይሁን፣ አሸዋው ወጥቶ እንዳይጭረው። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቂ፦ ከወለሉ በላይ የሚወጡት የጎድኖቹ ጫፎች ቀጫጭን ናቸው። ክብደቱ እነሱ ላይ ካረፈ ይረግፋሉ። ከእነሱ ከፍ የሚል የስፖንጅ ቁራጭ ወለሉ ላይ አድርጊና መርከቡ በእሱ ይረፍ። ምሰሶዎቹንም ጣውላው ሳያልቅ እንዳትተክያቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣውላውን ለማጠፍ ውኃ ውስጥ ትነክሪው ይሆናል። ጥሩ ነው፤ ግን እርጥቡን እንዳትለጥፊው። ውኃ የጠጣ እንጨት በጎኑ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና በጣውላዎቹ መሃል ክፍተት ይተዋል። ነክረሽ፣ ጎድኖቹ ላይ በላስቲክና በልብስ መቆንጠጫ ያለ ኮላ አስረሽ አሳድሪው። በማግስቱ ቅርጹን ይዞ ታገኚዋለሽ፤ ያኔ ኮላውን ስትቀቢ ብዙ መጫን አያስፈልግሽም።