ሰናመኪ፣ ተልባ፣ ኮሶ፦ ሰውነት የሚያጸዳው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ በፋሲካ ሰሞን ሥጋው፣ ቅቤውና ጠላው በዛብኝ መሰለኝ ሆዴ ተነፍቶ ሰነበተ። ጎረቤቴ «ሰናመኪ አፍልተሽ አሥር ቀን ጠጪ፣ ጉበትሽን ጥርግ ያደርግልሻል» አለችኝ። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ቀነስኩ፤ ቁርጠቱና ድካሙ ግን አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ልቀጥል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይቀጥሉ። ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። ከጠጡት ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የአንጀቱን ጡንቻ ያኮማትራል፤ ወደ ሰውነት ሊመለስ የነበረውንም ውሃ እዚያው ያስቀረዋል። የበሉት ስብ ግን ቀደም ሲል በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። ስለዚህ የወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ሁለቱ ኪሎም ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። ድካሙ የመጣው ከተቅማጡ ጋር ፖታሲየም ስለሚወጣ ሊሆን ይችላል፤ ጡንቻም ልብም ያለ እሱ በደንብ አይሠሩም። ለደም ግፊት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አደጋው ይብሳል።

ሰናመኪ ለሆድ ድርቀት ጥሩ መድኃኒት ነው፣ እሱን አንክድም። ግን ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ከሳምንት ማለፍ የለበትም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሲያቆሙት አንጀት ባዶ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቀን ሰገራ ይዘገያል፤ «ቆሻሻው ተመለሰ» ብለው እንደገና ያፈላሉ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ይሆናል።

አሁን አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ይግዙ፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ልክ (አብዛኛው ለ1 ሊትር ነው) ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠው ቀስ በቀስ ይጠጡት። ልብዎ በኃይል ከመታ ወይም እግርዎ ከዛለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በቀኝ ጎድን ሥር የሚወጋ ሕመም ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለም የሆድ መነፋት ብቻ አይደለምና ሳይቆዩ ይታዩ።

ጥያቄ፦ በባዶ ሆድ ተልባ መጠጣት ጉበትን ያጸዳል የሚባለው እውነት ነው? እንዴት ይዘጋጅ? ሎሚ በሙቅ ውሃስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በዚህ ዓምድ ከሚጠየቁት ሁሉ ለእውነቱ የሚቀርበው ተልባ ነው፤ ሆኖም አሠራሩ እንደሚወራው አይደለም። ጉበት ከኮሌስትሮል ሐሞት ይሠራና ስብ እንዲፈጭ ወደ አንጀት ይልከዋል፤ አብዛኛው ሐሞት ተመልሶ ተመጥጦ ወደ ጉበት ይሄዳል። የተልባው ልጋግ ከዚያ ሐሞት የተወሰነውን ይይዝና ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ኮሌስትሮል ከደም ይስባል። የታጠበ ጉበት የለም፤ ከደም የሚቀንስ ኮሌስትሮል ግን አለ፣ ያውም ለሳምንታት ሳያቋርጡ ከጠጡ።

አዘገጃጀቱ፦ ተልባው ተለቅሞ በስሱ ይታመሳል፤ መንጫጫት ሲጀምር ይወርዳል፣ ካረረ ይመራል። ከበረደ በኋላ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል። ሳይፈጭ የተዋጠ ፍሬ እንደገባ ይወጣል። ከሳምንት የሚበልጥ አይፍጩ፤ ዘይቱ አየር ሲያገኘው ይበላሻልና ሽታው የቀለም ቅባት ከመሰለ ይድፉት። የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን 1 የሾርባ ማንኪያ (7 ግራም ያህል)፣ ከዚያ 2 ማንኪያ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ሌላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያስከትሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ የጀመረ ሰው ሆዱ ይነፋል፤ በቂ ውሃ ያልጠጣ ደግሞ ይደርቃል፣ ከዚያም «ተልባ አልተስማማኝም» ይላል። እንደ ድሮው አጥልለው ከጠጡት ልጋጉ ያልፋል፣ አሰሩ ግን ወንፊት ላይ ይቀራል፤ ለአንጀት ከነአሰሩ ይሻላል። በማርና በስኳር ማጣፈጥ ለስኳር ሕመምተኛ አይሆንም። ተልባ መድኃኒት በቶሎ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ በመካከላቸው 2 ሰዓት ይለፍ። አንጀቱ የመታጠፍ ወይም የመዘጋት ችግር ያለበት ሰው አይጠጣው።

ሎሚው ቫይታሚን ሲ ይሰጣል፣ ውሃውም ይጠቅማል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠብቁበት። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ የሚያጣራው ያለ ሎሚም ነው። አሲዱ ጥርስ ስለሚበላ ከጠጡ በኋላ በውሃ ይጉመጥመጡ፤ ብሩሹን ግማሽ ሰዓት ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ወይባ መሞቅ መርዝ በላብ ያስወጣል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ላብ ውሃና ጨው ነው ቢባል ብዙም አልተሳሳተም፤ ሥራውም ሰውነትን ማቀዝቀዝ እንጂ መርዝ ማውጣት አይደለም። ገላን ያለሰልሳል፣ ሽታውም ደስ ይላል፤ ለዚያ ከሆነ እሰየው። ዋናው ጥንቃቄ ከሰል ነው። በተዘጋ ክፍል የሚጨስ ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ቀጥሎ ይጥላል። መስኮት ከፍተው፣ ሰው በአቅራቢያ እያለ፣ ከ15 ደቂቃ ሳያልፉ ይሙቁ። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ ቢቀርባቸው ይሻላል።

ጥያቄ፦ አባቴ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣሉ፤ «ደም ያጠራል» ይላሉ። ጥሬ ሥጋ ይወዳሉ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ኮሶ የሚገድለው የኮሶ ትልን ነው፤ ደም አያጠራም። የቤት መጠኑ እንደ ዛፉና እንደ አዘጋጁ እጅ ስለሚለያይ ሲበዛ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። አባትዎን «አይጠጡ» ከማለት ይልቅ ሰገራ ያስመርምሯቸው። ትሉ ካለ በጤና ጣቢያ በክብደታቸው ተሰልቶ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ፕራዚኳንቴል ይሰጣቸዋል። በሰገራ ላይ እንደ ቁራጭ ፓስታ ያለ ነጭና ጠፍጣፋ ነገር ካዩ ሐኪሙ እንዲያየው በንጹሕ ዕቃ ይዘው ይሂዱ። ሥጋው ውስጡ ቀይነቱን እስኪለቅ ካልበሰለ ግን ትሉ ተመልሶ ይመጣልና፣ ክትፎውን ለብ ለብ ማድረግ ብቻ አይበቃም።