ጥያቄ አለኝ፦ ከጣና ዳር የዓሣ ጠረጴዛ እስከ መዝገብ ቤት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የተላኩ ናቸው። ጠያቂዎቹ ሥራቸው ይለያይ እንጂ ቅሬታቸው ይመሳሰላል፦ ስለ ካይዘን (ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ ስለማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ሠልጥነናል፣ እየለፋን ነው፣ ለውጡ ግን አይታይም።

ጥያቄ፦ በዓሣ ሥራ የተደራጀን 11 ሰዎች ነን። ጠዋት ከታንኳና ከጀልባ ተረክበን፣ ሆድ ዕቃውን አውጥተን፣ ፊሌቶ አድርገን ለሆቴሎችና ለነጋዴዎች እናስረክባለን። በቀን ከ150 እስከ 200 ኪሎ ቀረሶ (ቲላፒያ) እንገዛለን፤ የምንሸጠው ፊሌቶ ግን 50 ኪሎ አይሞላም። ከሰዓት በኋላ የተረፈው ለስልሶ ይመለስብናል። ከሥልጠናው በኋላ ቤቱን ቀለም ቀባን፣ ወለሉ ላይ መስመር አሰመርን፣ ዕቃውን በየቦታው አስቀመጥን። ትርፉ ፈቀቅ አላለም። የት ላይ ነው የሳትነው?

መልስ፦ ቀለሙና መስመሩ አይጎዱም፤ ግን ጉዳታችሁ ያለው እዚያ አይመስለንም። መጀመሪያ ሚዛኑን አውጡ።

ከ100 ኪሎ ሙሉ ቀረሶ ቆዳና አጥንት የሌለው ፊሌቶ ከ30 እስከ 37 ኪሎ ያህል ይወጣል። ሲሶ ብለን እናስላው። ከ150 ኪሎ 50፣ ከ200 ኪሎ 66 ኪሎ ማግኘት ነበረባችሁ። እንግዲህ 150 በገዛችሁበት ቀን ምናልባት ምንም አልጠፋም፤ 200 በገዛችሁበት ቀን ግን ከ16 ኪሎ በላይ ሥጋ የሆነ ቦታ ቀርቷል። ወይ ከአጥንት ጋር ተጥሏል፣ ወይ ተበላሽቷል። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ ግምት ነው።

ለ6 የሥራ ቀናት በአራት ቦታ መዝኑ፦ ስትረከቡ፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ፣ ፊሌቶው ሲያልቅ፣ ማታ ሳይሸጥ ሲቀር። ቁጥሩን ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ በእጅ ጻፉ። ሦስት ነገሮች ቁጥሩን ያበላሹታል። አንደኛው ውኃ ነው፤ ዓሣው ሳይንጠፈጠፍ ከተመዘነ የገዛችሁት ውኃ እንደ ዓሣ ይቆጠራል። ሁለተኛው መጠን ነው፤ ትንንሹ ቀረሶ ከትልቁ ያነሰ ፊሌቶ ስለሚሰጥ ትልቁንና ትንሹን ለይታችሁ መዝኑ፣ አለዚያ ትንንሹ የደረሰው ቆራጭ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ሦስተኛው ደግሞ ፍርሃት ነው። ቁጥሩን በሰው ስም አትመዝግቡ፤ በጠረጴዛ ይሁን። ቁጥር መቅጫ የሆነ ዕለት ሥጋውን ሳይንጠፈጠፍ የሚመዝን ሰው አይጠፋም፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳው እውነቱን አይናገርም።

ከአጥንት ጋር የሚቀረውን ለማየት የተቆረጠውን አጥንት አንስታችሁ ወደ ብርሃን አሳዩት። በጎድን አጥንቶቹ መካከል ብርሃን ካለፈ ጥሩ ተቆርጧል። በአከርካሪው ግራና ቀኝ ነጭ ሥጋ ከታየ ወይ ቢላዋው ደንዟል ወይ ቆራጩ ከአጥንቱ ርቆ ነው የሚሄደው። ቢላዋው ሲደነዝዝ ሰው የሚስለው ከሆነ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ በቁጥር ይሁን። ጠዋት በድንጋይ፣ ከዚያ በየ20 ዓሣው በመሳያ ብረት። መሳያው በእጅ በሚደረስበት ቦታ ጠረጴዛው ላይ ይሰቀል። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ማንም ተነሥቶ አይሄድም።

አሁን ወደ መለስለሱ እንምጣ፤ ዋናው ኪሳራ እዚህ ይመስለናል። ዓሣ በሙቀት ፈጥኖ ይበላሻል። በባለሙያዎች ስሌት በ10 ዲግሪ ሙቀት የሚያሳልፈው 1 ሰዓት በበረዶ ላይ ከሚያሳልፈው 4 ሰዓት ጋር ይቀራረባል፤ በ20 ዲግሪ ደግሞ ከ9 ሰዓት ጋር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተረከባችሁት ዓሣ ተራው ደርሶ እስኪቆረጥ በሳጥን ውስጥ 3 ሰዓት ከጠበቀ፣ አንድ ቀን ሙሉ በበረዶ ላይ ከቆየው የበለጠ አርጅቷል ማለት ነው። ሠራተኛው ሥራ አልፈታም፤ ጊዜውን የሚያባክነው ዓሣው ነው። በየሳጥኑ ላይ የተረከባችሁበትን ሰዓት በጠመኔ ጻፉ፤ ጥበቃው ወዲያው ይታያችኋል።

የበረዶውን መጠን በስሌት ያዙት። 1 ኪሎ ዓሣን ከ25 ዲግሪ ወደ 0 ለማውረድ ብቻ ከሩብ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ በረዶ ይቀልጣል። ሳጥኑም ሞቃት ነው፣ ክዳኑም ይከፈታል፣ ፀሐይም አለ፤ ስለዚህ ለቀኑ 1 ኪሎ ዓሣ በ1 ኪሎ በረዶ ያዙ። ግንዱ በረዶ ተሰብሮ ይቅረብ፤ ትልቁ ቁራጭ ዓሣውን የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ከታች በረዶ፣ በላዩ ዓሣ፣ ከዚያ እንደገና በረዶ፤ የሳጥኑ ሥር ቀዳዳ ይኑረው። የቀለጠው ውኃ ደምና አተላ ይዞ ካልወጣ ዓሣው በቆሻሻው ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል።

አንድ ነገር ደግሞ የአሠራር ቅደም ተከተሉን ይለውጣል። ሁሉንም ዓሣ እስከ እኩለ ቀን ፊሌቶ አድርጋችሁ ገዢ አትጠብቁ። ሆድ ዕቃውን ግን ሁሉንም ወዲያው አውጡና ዓሣውን በረዶ ላይ አቆዩት፤ ፊሌቶው የሚቆረጠው ገዢው ሲጠይቅ ይሁን። ሙሉው ዓሣ በቆዳው ተጠብቆ ከፊሌቶ የተሻለ ይቆያል። ገዢ ሳይጠይቅ ማምረት ካይዘን ከሚቆጥራቸው ሰባት ብክነቶች ዋናው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሌሎቹን ብክነቶች ይዞ ይመጣል፣ መጠበቁንም፣ መከማቸቱንም፣ መበላሸቱንም።

ለዚህ የሚረዳችሁ ካርድ ነው። በየ5 ኪሎው ከረጢት ላይ አንድ ካርድ እሰሩ። ከረጢቱ ሲሸጥ ካርዱ ወደ ቆራጮቹ ይመለሳል፤ ካርድ ካልተመለሰ አይቆረጥም። 5 ኪሎ ፊሌቶ 15 ኪሎ ሙሉ ዓሣ ይፈልጋል፤ አማካዩ 300 ግራም ከሆነ 50 ዓሣ ነው። አራት ቆራጮች ለአንዱ ዓሣ 2 ደቂቃ ከወሰደባቸው 25 ደቂቃ ይበቃቸዋል። በሰዓት 10 ኪሎ የምትሸጡ ከሆነ በዚያ ግማሽ ሰዓት የሚሸጠው 5 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 1 ካርድ፣ ለመጠባበቂያ ሌላ 1፣ በድምሩ 2 ይበቃሉ። ፈላጊው በሚበዛበት የጾም ወቅት ካርዱን 3 ወይም 4 አድርጉ፤ ሲያልፍ ግን መልሳችሁ ቀንሱ። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ካርድ ሲጨመር እንጂ ሲቀነስ አይታይም።

ሆድ ዕቃና አጥንት በክዳን ዕቃ ተጠራቅሞ በየቀኑ ይወገድ። እባካችሁ ወደ ጣና አትመልሱት፤ ዝንቡም ሽታውም እዚያው ሥራችሁ ላይ ነው የሚመጣው፣ ሐይቁም ነገ ቀረሶ የምታገኙበት ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የካይዘን ልማት ቡድን አቋቁመን አምስቱን «ማ»ዎች (የሥራ ቦታ ማደራጃ ደረጃዎቹን፣ ከ«ማጣራት» እስከ «ማዝለቅ») ተግብረን በግምገማ ጥሩ ነጥብ አግኝተን ነበር። ከ6 ወር በኋላ ሁሉም እንደ ድሮው ሆነ። ባለጉዳይ ለአንድ ፋይል ከ30 ደቂቃ በላይ ቆሞ ይጠብቃል። አለቃዬ «የሠራተኛው ቸልተኝነት ነው» ይላሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ቸልተኝነት የሚለው መልስ የሚመጣው መጠየቅ ቶሎ ሲቆም ነው ብለን እናምናለን፤ አለቃዎም በቁጥር ቢያዩት ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ይመስለናል።

ካይዘን ወደ ሀገራችን የገባው በፋብሪካ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን መንግሥት ድጋፍ ጠየቁ፤ ከ2009 እስከ 2011 በጃይካ (የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ) ድጋፍ በተመረጡ ኩባንያዎች ተሞከረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ፋብሪካ ውስጥ ዕቃው ቦታውን ሲለቅ በዓይን ይታያል። ቢሮ ውስጥ ሥራው የሚተኛው በወረቀት መካከል ነው፤ መደርደሪያው አምሮም ፋይሉ ሊጠፋ ይችላል። ነጥብ የተሰጣችሁ ለመልኩ ከሆነ፣ ግምገማው ሲያልፍ ማስጠበቂያ ምክንያቱም አብሮ ያልፋል።

ለ5 ቀን በየቀኑ 20 ጥያቄ ያህል ይመዝግቡ፦ የተጠየቀበት ሰዓት፣ የተገኘበት ሰዓት፣ የተገኘበት ቦታ። ቦታውን በአራት ይክፈሉት፦ በቦታው ነበር፣ በስህተት ሌላ ረድፍ ገብቶ ነበር፣ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ጭራሽ አልተመዘገበም ነበር። ብዙውን ጊዜ ያረፈደው ፋይል መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ሰው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ መደርደሪያውን 10 ጊዜ ማደራጀት አይጠቅምም።

ከዚያ ከቶዮታ ቤት የመጣውን አምስት ጊዜ «ለምን» ይጠቀሙ። ለምሳሌ ባለጉዳዩ ለምን ቆየ? ፋይሉ በቦታው ስለሌለ። ለምን? ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ስላለ። ለምን አልመለሰም? ከሌላ ክፍል ደብዳቤ ስለሚጠብቅ። ደብዳቤው ለምን ዘገየ? ኃላፊው በሳምንት አንድ ቀን ስለሚፈርሙ። ለምን ሁሉም ደብዳቤ የእሳቸው ፊርማ ይፈልጋል? መልሱ «ድሮም እንዲህ ነው» ከሆነ ማሻሻያው እዚያ አለ፤ የትኛው ደብዳቤ በቡድን መሪ ሊፈረም እንደሚችል መወሰን ነው። በየደረጃው መልሱን በመዝገብ ያረጋግጡት፤ በግምት የተመለሰ «ለምን» ወደ ተሳሳተ በር ይወስዳል።

ለመዝገብ ቤቱ ራሱ ሁለት ቀላል ነገሮች ይበቃሉ። ፋይል ሲወጣ በቦታው ጠንካራ ካርድ ይግባ፤ ቁጥሩ፣ የወሰደው ሰው፣ ቀኑ ይጻፍበት። ቦክስ ፋይሎቹን ደግሞ በተራ ደርድረው በጀርባቸው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ሰያፍ የቀለም ፕላስተር ይለጥፉ። አንድ ቦክስ ከጎደለ ወይም ቦታ ከሳተ መስመሩ ይሰበራል፤ ማንም ሳይጠይቅ ያየዋል።

«ማጣራት» ላይ አንድ ጥንቃቄ። ያገለገለ ፎርምና ትርፍ ኮፒ ቀይ ካርድ ታስሮበት፣ ቀን ተጽፎበት ለ30 ቀን ጥግ ይቀመጥና ማንም ካልፈለገው ይወገድ። የባለጉዳይ ፋይል ግን በካይዘን ስም አይጣልም፤ የመዛግብት አወጋገድ ሥርዓቱን ይከተላል።

ስለ ማዝለቅ አለቃዎን አንድ ነገር ይጠይቁልን። በሳምንት አንድ ቀን መጥተው 5 የፋይል ቁጥር በዘፈቀደ ይምረጡና ሰዓት ይያዙ። ከ2 ደቂቃ በላይ የወሰደውን «ማን አጠፋ» ሳይሆን «የት ነበር» ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሽምብጥ አካባቢ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምንሰፋ 5 ሰዎች ነን። ስፌት፣ ኦቨርሎክ፣ ቁልፍ ቤት፣ ቁልፍ መትከል፣ ተኩስ ብለን ተከፋፍለናል። በ20፣ በ20 እያደረግን ነው የምናሳልፈው። ሁላችንም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነን፤ ርክክብ ግን ይዘገያል።

መልስ፦ 20ው ቁልል ነው የሚያዘገያችሁ። እያንዳንዱ ሥራ ለአንድ ሸሚዝ 4 ደቂቃ ይፈጅ እንበል። 20ው አንድ ላይ ሲያልፍ 20 × 4 × 5 = 400 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በ5፣ በ5 ስታሳልፉ የመጀመሪያው 5 በ100 ደቂቃ ይወጣል፣ ሦስቱ ቀሪ ቁልሎች በየ20 ደቂቃው ይከተላሉ፤ በጠቅላላ 160 ደቂቃ። አንድ በአንድ ቢሆን 96 ደቂቃ። እጃችሁ አልፈጠነም፤ ሸሚዙ ግን ተራ መጠበቁን ቀነሰ። ቅዱን በብዙ ደርብ መቁረጣችሁን ቀጥሉ፤ እዚያ መቆለል ጉዳት የለውም።

ነገር ግን አምስቱ ሥራዎች እኩል ጊዜ እንደማይወስዱ እናውቃለን። ቁልፍ ቤቱ 7 ደቂቃ ከወሰደ ስፌት ቤታችሁ በ7 ደቂቃ አንድ ሸሚዝ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ሌላው ቢፈጥን ከፊቱ ቁልል እንጂ ሸሚዝ አይጨምርም። ቁልሉ የሚከመርበትን ማሽን ፈልጉና እዚያ ሰው ጨምሩ። አንድ ቁልል ሆን ብላችሁ አስቀምጡ፤ በእጅ ቁልፍ ለመትከልና ክር ለመልቀም፣ መብራት ሲጠፋ እንድትሠሩበት።

ጥያቄ፦ በሆቴላችን የሐሳብ መስጫ ሳጥን ከተሰቀለ 8 ወር ሆነው። አንድም ወረቀት አልገባም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሳጥኑን አንሡና ሰሌዳ ስቀሉ። ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ሐሳቡ፣ ማን ያየዋል፣ ምን ተደረገ። መልስ በ3 ቀን ውስጥ ይጻፍ፤ «አይሆንም» ከሆነም ምክንያቱ ይጻፍ። ገንዘብ የማይጠይቀውን ሐሳብ ያመጣው ሰው ራሱ በዚያው ሳምንት ይሞክረው። የመጀመሪያዎቹን ሐሳቦች ከወጥ ቤትና ከዕቃ አጣቢዎች በቃል ጠይቃችሁ እናንተው ጻፉላቸው፤ ብዙዎቹ የሚያቅታቸው ሐሳቡ ሳይሆን መጻፉ ነው።