ሰው ማሰር ካለበት ስራውን ልተወው ወይ ላልሽኝ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ሁለት አመት ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት ሰርተሽ አሁን እዛው ሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ የሲተር ስራ (በሽተኛ አጠገብ ተቀምጦ መጠበቅ) እንዳገኘሽ፣ ኦሬንቴሽን ላይ ሪስትሬይንት (የበሽተኛ ማሰሪያ) አስተሳሰር ሲያሳዩሽ ግን ልጅ ሆነሽ ጸበል ቦታ በሰንሰለት ታስሮ ያየሽው የጎረቤት ልጅ ትዝ ብሎሽ እንዳለቀስሽ ጽፈሽልኛል። ልተወው ወይ ነው ያልሽው። እኔ አትተይው ነው የምልሽ።

ሲተር የሚቀጠረው እኮ በሽተኛው ሳይታሰር እንዲውል ነው። በፊት ሲኤንኤ ሆኜ ስሰራ አንድ የኛ አገር አባት፣ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ አይቪውን (በደም ስር መድሃኒት የሚሰጥበትን ቱቦ) ነቀሉ ተብሎ ሁለት እጃቸው ከአልጋው ጋር ታስሮ አገኘኋቸው፣ ጠጋ ብዬ አባባ ምን ሆኑ ስላቸው "ልጄ ሽንቴ መጣ፣ ማን ይስማኝ" አሉኝ። ያን ቀን አስተርጓሚ የደወለ ሰው አልነበረም። እስካሁን ያመኛል። ስለዚህ እጁን የሚያወራጭ ሰው ስታዪ መጀመሪያ ሽንት ነው? አመመው? መነጽሩ ወይ የጆሮ መስሚያው የት ሄደ? ብለሽ ጠይቂ፣ አይቪውን በእጅጌ ሸፍኚለት፣ የሚያጣጥፈው ፎጣ ስጪው፣ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ ደግሞ አጽናኚው ግን የህክምናውን ነገር ለአስተርጓሚ እንዲደውሉ ለነርሷ ንገሪያት።

ህጉንም እወቂው። በራስሽ ውሳኔ ማንንም አታስሪም፣ የሀኪም ኦርደር (ትእዛዝ) ያስፈልጋል፣ ድንገተኛ ሆኖ ቀድሞ ቢታሰር እንኳን ኦርደሩ ወዲያው መምጣት አለበት፣ "ካስፈለገ እሰሩት" ተብሎ አስቀድሞ የሚጻፍ ፒአርኤን ኦርደር ክልክል ነው። በሽተኛው ራሱን ወይ ሌላ ሰው ሊጎዳ ሆኖ ከታሰረ አንዱ ኦርደር ለአዋቂ ከ4 ሰአት አያልፍም፣ ከ9 እስከ 17 አመት ላሉ 2 ሰአት፣ ከ9 በታች 1 ሰአት፣ በ1 ሰአት ውስጥም ሀኪም ወይ ለዚህ የሰለጠነ ነርስ በአካል መጥቶ ማየት አለበት። እንዳይወርድ ብሎ አራቱንም የአልጋ ሬል (የጎን መከላከያ) ማንሳትም ሪስትሬይንት ነው፣ ይሄን ስንት የቆየ ሰራተኛ አያውቀውም! ለቅጣት ወይ ለሰራተኛው ምቾት ማሰር ደግሞ ነርሲንግ ሆምም ሆስፒታልም አይፈቀድም፣ የነርሲንግ ሆሙ ህግ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ናይት ሺፍት ሰው አጥሮ "እሰሪውና ነይ እርጂኝ" ብትባይ አልችልም በይ፣ ቻርጅ ነርሷን (የፈረቃውን ሀላፊ ነርስ) ጥሪ።

ከታሰረ ግን አይንሽን ከሱ አታንሺ፣ አተነፋፈሱን፣ የጣቶቹን ቀለም እዪ፣ በሆዱ ተኝቶ ተይዞ ካየሽ ዝም እንዳትዪ፣ ሰው ታፍኖ የሚሞተው እንደዛ ነው።

ለስራሽም የሚጠቅምሽ ይሄው ነው። ማኔጀሯን የሲፒአይ ስልጠና ትሰጡኛላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂያት፣ የተናደደና የፈራ ሰው ማረጋጋት ነው የሚያስተምሩሽ፣ ሰርተፍኬቱን ሬዙሜሽ ላይ ከላይ አድርጊው፣ ነገ ነርሲንግ ስኩል ስታመለክቺ የምትጽፊው ነገር ይኖርሻል። እሷ ስልጠና የለም፣ ዝም ብለሽ እሰሪ የምትል ከሆነች ግን ያን ጊዜ ሌላ ሆስፒታል አብረን እንፈልጋለን። ከመወሰንሽ በፊት ጠይቂያትና ያለችሽን ጻፊልኝ እሺ።