ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ፒያሳ ሻይ እየጠጣን፣ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ልጅ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አሁን ኮማንድ መማር ምን ያደርጋል? ተርሚናሉ ላይ ኤአይ አለልኝ። የምፈልገውን እነግረዋለሁ፣ ራሱ ጽፎ ራሱ ያስኬደዋል።» ተርሚናል የሚለው ኮማንድ፣ ማለትም ትእዛዝ፣ በጽሑፍ ለኮምፒውተሩ የሚሰጥበትን ስክሪን ነው። ክፉ ጥያቄ አይደለም። በሰዓቱ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ቤት ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ።

ስማቸውን አልጽፍም። ሁላችንም «የኔታ» እንላቸው ነበር። ቅኔ ቤት ቆይተው ነው ወደ ኮምፒውተር የመጡት፤ ጎንደር ላይ ይሄ ብዙ አያስደንቅም። ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳልመው ቢሮ ይገባሉ። መሥሪያ ቤታችን የሰዎችን መዝገብ ይይዝ ነበር። መዝገቡ ያለበት ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የሚሠራው እንደ ዊንዶውስ ያለ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ሌሎቻችን ያንን ስክሪን እንፈራዋለን። እሳቸው ግን እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

በየሌሊቱ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ስክሪፕቶች፣ ማለትም በተራ የሚፈጸሙ የኮማንድ ዝርዝሮች፣ ጽፈው ነበር። አንዱ የፊደል ነው። ኃይሉን አንዱ ጸሐፊ በ«ኃ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ሀ»። ሠናይትም እንደዚያው፣ አንዴ በ«ሠ» አንዴ በ«ሰ»። ስክሪፕቱ ለፍለጋ ሲባል እነዚህን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ዋናውን አጻጻፍ ግን አይነካም። «ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፣ እኔ ማን ነኝ የማርመው?» ይሉ ነበር የኔታ። ያኔ የፊደል ነገር ራሱ ፈተና ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ ፋይሎች በየሶፍትዌሩ ፎንት የተጻፉ ስለሆኑ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናሉ። እነዚያን አንድ በአንድ ፈትተው ወደ ዩኒኮድ የመለሷቸው እሳቸው ናቸው።

ሌላው ስክሪፕት የባክአፕ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ነው። ሌሊት መዝገቡን ገልብጦ ውጭ በተሰካ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። የስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ አንዲት አጭር መስመር ነበረች። ከእሳቸው በቀር ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት፣ ባክአፑ ሳይሠራ ያድራል። ያስቆመችው ያቺ መስመር ናት። የኔታ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ኬብሉን ይነካካሉ፣ ሁለት ሦስት ቃል ይጽፋሉ፣ ከዚያ ይሠራል። የጥምቀት ለት እንኳ፣ ከተማው ሁሉ ፋሲል መዋኛ ሲሆን፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቢሮ ብቅ ብለው ሰርቨሩን አይተው ይመለሱ ነበር።

እኔ አጠገባቸው ነበር የምቀመጠው። ቡና አብረን እንጠጣለን። ባክአፑ ሲቆም እንዴት እንደሚያስነሱት ጠይቄ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌያለሁ። ለምን እንደሚቆም ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ? ቅርብ ነበሩ። ቢጠየቁ ደግሞ ደስ ብሏቸው ያስረዳሉ፤ ማስተማር የሚወዱ ሰው ነበሩ።

ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ባክአፑ በየጊዜው መቆሙን ቀጠለ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰለቸው። በመጨረሻ ያቺ መስመር ተሰረዘች። ከዚያ ወዲህ ባክአፑ ቆሞ አያውቅም። ሁላችንም ደስ አለን።

መስመሯ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የውጭው ዲስክ በእርግጥ ተያይዟል? ካልተያያዘ ሥራውን ታቆማለች። ሊኑክስ ላይ የውጭ ዲስክ በአንድ ፎልደር በኩል ነው የሚታየው። ዲስኩ ሲላቀቅ ፎልደሩ ባዶውን እዚያው ይቀራል። ስክሪፕቱ ይህን አይለይም፤ እዚያ ፎልደር ውስጥ መጻፉን ይቀጥላል። የሚጽፈው ግን በሰርቨሩ በራሱ ዲስክ ላይ ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲስኩ ሳይያያዝ ቀረ፤ የሚያስቆመንም የለም። ለወራት ባክአፕ ያልነው ሁሉ ከዋናው መዝገብ ጋር አንድ ዲስክ ላይ ሲከማች ኖሯል። ያ ዲስክ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ሄዱ።

ከጭልጋ፣ ከደምቢያ ማስረጃ ፍለጋ የመጡ ሰዎችን «ወረቀት ካላችሁ አምጡ» እያልን መለስናቸው። አንዲት እናት «ጽፋችሁኝ ነበር እኮ፣ እዚሁ ቆሜ ነው የጻፋችሁኝ» ያሉኝን አልረሳውም። እውነታቸውን ነው። ጽፈናቸው ነበር።

እንግዲህ ያ ልጅ ሲጠይቀኝ የመጣብኝ ይሄ ነው። ክሎድ ኮድ፣ ኮዴክስ ሲኤልአይ፣ ጄሚናይ ሲኤልአይ የሚባሉት ተርሚናል ላይ የሚሠሩ የኤአይ ረዳቶች እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡ ናቸው። አንዱን እኔም እጠቀማለሁ። ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ፋይል ያነባል፣ ኮማንድ ይጽፋል፣ ከማስኬዱ በፊት «ልቀጥል?» ይላችኋል። ያኔ ይሄ በእጄ ቢኖር ያቺን መስመር አሳይቼ «ይቺ ለምን እዚህ ተቀመጠች?» እለው ነበር። በደቂቃ ውስጥ ይነግረኝ ነበር። እናንተ አላችሁ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይመልሳል፣ አይሰለችም፣ ስትጠይቁት አታፍሩም። የማየው ግን ሌላ ነው። የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። «ልቀጥል?» ሲል ሳታነቡ አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ሲሰለቻችሁ «ሁለተኛ አትጠይቀኝ» የሚለውን ትመርጣላችሁ። ያቺ «ልቀጥል?» እኮ የየኔታን መስመር የምትመስል ናት።

ተርሚናል ላይ የተሰረዘ ፋይል ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አይገባም፣ ምናምን የሚለውን አልነግራችሁም። ታውቁታላችሁ።

ማብራሪያውንም ቢሆን እንዳለ አትዋጡት። አንድ ቀን ከስም ዝርዝር የመጀመሪያውን ፊደል ቆርጦ እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁት። «ከት» (cut) በሚባለው ኮማንድ ሠራልኝ፣ እርግጠኛ ሆኖም አስረዳኝ። የወጣው ግን የተሰባበረ ምልክት ነው። እኔ ያለኝ ሊኑክስ ላይ ይህ ኮማንድ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት፣ የኮምፒውተሩን ትንሽ የመረጃ መለኪያ፣ ነው። ዩኒኮድ ፋይል ላይ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ጎንደር» ለኛ 4 ፊደል ነው፣ ለሱ 12 ባይት። ለእንግሊዝኛ የሚሠራ ነገር የኛን ፊደል መሃል ላይ ይሰነጥቀዋል። የወጣውን መልሼ አሳይቼ «ለምን?» ስለው ስህተቱን ራሱ አገኘው። ስለዚህ በቅጂ ፋይል ላይ ሞክሩ፣ ውጤቱን በዓይናችሁ እዩ።

ደግሞ ኤአይው የማያውቀው ነገር አለ። ኮማንዱ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ጎንደር ላይ መብራት ሲሄድ የናንተ ቢሮ ኬብል እንደሚላላ ግን ካልነገራችሁት ከየት ያመጣዋል? እነዚህ ረዳቶች ሥራ ሲጀምሩ የሚያነቡት የማስታወሻ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ምክንያታችሁን እዚያ ጻፉት። ስክሪፕቱ ውስጥም ከመስመሩ ጎን ጻፉት፣ በአማርኛ ይሁን። የኔታ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈውልን ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ግን እሳቸውን መውቀስ አልችልም፤ ጠያቂ ያጡት እሳቸው ናቸው።

ትቸኩላላችሁ ብያለሁ። ያም ሆኖ ከኛ ትሻላላችሁ። እኛ ጥቁሩን ስክሪን ፈርተን ለአንድ ሰው ትተንለት ነበር። እናንተ ገባችሁበት። ይህን ሳየው ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው የምለው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሰው መዝገብ ያለበት ፎልደር ውስጥ ይህን ረዳት ከፍታችሁ አትልቀቁት። ያነበበው ነገር በኢንተርኔት ረዳቱን ወደ ሠራው ድርጅት ሰርቨር ይሄዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ሕጉ ባይኖርም ያ ስም የእናንተ አይደለም። የፈጠራ ስሞች ያሉበት ትንሽ ፋይል ሠርታችሁ በዚያ ላይ ስክሪፕቱን አስጽፉት፣ ከዚያ በእውነተኛው ላይ ራሳችሁ አስኬዱት።

የምትሠሩበት ቦታ ባክአፕ ካለ ደግሞ ነገ ጠዋት ስትገቡ ተርሚናሉ ላይ «ዲኤፍ» (df) ብላችሁ የባክአፕ ፎልደሩን ስም ጨምሩና ኢንተር በሉ። የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ያሳያችኋል። ከዋናው መዝገብ ጋር አንድ ዲስክ ላይ ሆኖ ካገኛችሁት ለአለቃችሁ በዚያው ቀን ንገሩ።